ቆርቆሮው ሲንኳኳ የሚፈታ ሒሳብ፦ ከጎንደር የክረምት ማስታወሻ

ሰኔ 29፣ 2017

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዝናቡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰተት ብሎ ይመጣል። መብራት ይሄዳል። የእህቴ ልጆች ቤቱን እያተራመሱት ነው። ትልቁ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ትንሿ ሁለተኛን።

ስልኬ ላይ የክረምት የሒሳብ እንቆቅልሽ ፈለግሁ። የመጣልኝ ሁሉ የበረዶ ሰው፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሕፃናትና ኮፍያ ያደረገ ድብ ነው። ሥዕሉስ ያምራል። የኛ ልጆች የሚያውቁት ክረምት ግን ጭቃ፣ ጭጋግ፣ የሚያንጠባጥብ ጣሪያና የበቆሎ ጥብስ ነው። ስለዚህ የራሳችንን ልሠራ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። አንድ የጫማ ካርቶን፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች፣ ጥቁር ማርከር። በካርዱ ፊት ጥያቄው፣ በጀርባው መልሱ።

አንድ ሕግ አውጥቻለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ዝም ብሎ የሚጨርሰው ጥያቄ ካርቶኑ ውስጥ አይገባም። ትልቁ ማባዛት ይችላል። ትንሿ መቁጠር ትወዳለች። እማዬ ደግሞ ቤቱን ከነጓዳው ታውቃለች። ጥያቄው ቢያንስ ሁለቱን ካላስፈለገ የቤት ሥራ ሆነ ማለት ነው። የቤት ሥራ ደግሞ ማን ለጨዋታ ይሠራል?

ሐምሌ 6

የመጀመሪያው ካርድ፦ «ዛሬ ከጣሪያችን ላይ ስንት ጀሪካን ውሃ ወረደ?»

መነሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ፣ ውሃው ልክ አንድ ሊትር ነው። ትልቁ አላመነኝም። ወረቀት አውጥቶ አንድ ሺህ በአንድ ሺህ በአንድ ሚሊ ሜትር አባዛ። አንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር መጣለት። ያ ደግሞ አንድ ሊትር ነው። «ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» አለ።

ዝናቡን የለካነው በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ኩባያ አይሆንም፤ ከሰፊው አፉ የገባው ውሃ ጠባቡ ሥር ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ጣሳውን ከግድግዳና ከዛፍ አራቅነው። ጭቃ እንዳይረጭበት ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ዝናቡ ሲያባራ ትንሿ ማስመሪያ ይዛ ሮጠች። ከእሷ ሌላ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር።

ቀጥሎ ጣሪያው። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ትልቁ መሰላል አምጥቶ የቆርቆሮውን ርዝመት በተዳፋቱ ላይ ሊለካ ፈለገ። አባቱ «ተው፣ ዝናቡ የሚወርደው ከላይ ነው፤ ተዳፋቱን ምን አገባው» አለው። አልተዋጠለትም። አንድ ደብተር አምጥቼ መብራት ሥር አግድም ያዝኩት፤ ጥላው መሬት ላይ ታየ። ደብተሩን ሳዘነብለው ጥላው ጠበበ። ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። የሚቆጠረው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት እንጂ የቆርቆሮው ርዝመት አይደለም። ስለዚህ መሰላሉ ቀረ፤ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ጠርዝ መሬቱን ለካን። ስምንት ሜትር በአምስት ሜትር፣ 40 ካሬ ሜትር።

40 በ12 ሲባዛ 480 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከሆነ 24 ጀሪካን። ትልቁ ጨርሻለሁ ብሎ ማርከሩን አስቀመጠ።

እማዬ ከምድጃው አጠገብ ሆና «የታባቱ ነው ያ ሁሉ ውሃ?» አለች። «አሸንዳ ያለው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው። የጀርባው እኮ ወደ ጎረቤት ቦይ ነው የሚሄደው።»

ትክክል። ጣሪያው በሁለት ወገን ያዘነበለ ነው። በርሜሉ ውስጥ የሚገባው የግማሹ ብቻ ነው፤ 240 ሊትር፣ 12 ጀሪካን። በርሜላችን 200 ሊትር ነው የሚይዘው። ወጥተን ስናይ እየፈሰሰ ነበር። እማዬ አሁንም አልለቀቀችንም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የመጀመሪያው ውሃ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ይደፋል። እሷ ሁለት ጀሪካን ያህል ታስደፋለች። 10 ጀሪካን ቀረ። በካርዱ ጀርባ ሦስቱንም መልስ ጻፍኩ፤ የሒሳቡን፣ የአሸንዳውን፣ የእማዬን።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ካርድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጎንደር በዓመት ከሚዘንበው አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው።

ሐምሌ 13

የመብረቅ ካርድ። ብልጭታውን አይተህ ድምፁን እስክትሰማ ቁጠር። የቆጠርከውን ለሦስት አካፍል። መብረቁ ያለበት ርቀት በኪሎ ሜትር ይወጣል። ብርሃን በቅጽበት ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል።

ችግሩ አቆጣጠር ነው። ትንሿ ስትፈራ ትፈጥናለች። የእሷ አሥር የአባቷ ስድስት ነው። ስለዚህ ለካርዱ ሁለት ሰው እንዲያስፈልግ አደረግን። አንዱ መስኮት ላይ ሆኖ «በራ!» ይላል፤ ሌላው የስልኩን ሰዓት ይይዛል። እማዬ በበኩሏ ትንሿን ቀይ ሹራቧን አስወለቀቻት። ቀይ መብረቅ ይጠራል ትላለች። እኔ ሳይንሱን ላስረዳት አልሞከርኩም፤ ሹራቡ ሲወልቅ ልጅቷም ተረጋግታለች።

ጥያቄው እንዲህ ሆነ። «በአዘዞ በኩል በራ፤ ከ12 ሰከንድ በኋላ አጉረመረመ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ በስድስት ሰከንድ ተሰማ። ደመናው በዚሁ ከቀጠለ መቼ እላያችን ይደርሳል? ፍጥነቱስ በሰዓት ስንት ነው?»

የመጀመሪያው አራት ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ሁለት። በአምስት ደቂቃ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቧል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። በሰዓት ደግሞ 24 ኪሎ ሜትር። ልብሱን ከገመድ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ጊዜ ነው፤ የእህቴ የመጀመሪያ ጥያቄም እሱ ነበር። እርግጥ ደመና ሰፊ ነው። መብረቁ ከየትኛው ጫፉ እንደሚወጣ አይታወቅም። መልሱ ግምት መሆኑን ካርዱ ላይ ጽፌያለሁ።

ከሥሩ በቀይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ይህ ጨዋታ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚደረገው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ደጅ መቆም የለም፤ ከዛፍ ሥር መጠለልማ ጭራሽ።

ሐምሌ 20

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል። ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ልተወው ነበር። ትንሿ ግን ሰምታው አታውቅም። ቀሃ ወንዝ ሞልቷል አልናት፤ ታንኳዋ ከሰውዬው ጋር አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች። ትራሱ ነብር፣ ጫማው ፍየል፣ ጎመኑ ቅጠል ሆነ። ፍየሏን መልሶ ማምጣት እንደሚቻል ሲገባት ጮኸች። ሰባት መሻገር። ካርዱ ገባ።

ሁለት ካርዶች ደግሞ ወጡ። አንዱ የባጃጅ ሒሳብ ነበር። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ደግሞም አባትየው ብቻውን በሁለት ሰከንድ ጨረሰው። ሌላው የሱዶኩ ዓይነት ነበር። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ግን ሰውን አንገቱን ደፍቶ ዝም ያሰኛል። በሕጋችን መሠረት አይሆንም።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገብቷል። ንፍሮ ተጥዷል፤ አልበስል ብሏል። ከዚያው ካርድ ወጣ።

ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ምክንያቱ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ውሃውን የሚጫነው እየቀነሰ መሄዱ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ላይ ናት። ትልቁ አካፈለ፤ ሰባት። ስለዚህ የኛ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራስ ዳሽን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ በ85 ይፈላል። «እዚያ ንፍሮ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው አልተመለሰም። እሳቱን ብትጨምር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ አይሞቅም፤ ይሄ ትልቁን ገረመው። እማዬ ግን መልሷ አጭር ነው፦ «ማታ ዘፍዝፈው።»

ነሐሴ 12

ነገ ቡሄ ነው። ልጆቹ ጅራፍ ሲገምዱ ዋሉ፤ እማዬ ለሙልሙሉ ሊጥ አቡክታለች። ለዛሬ ማታ የሆነች ካርድ ይቺ ናት። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወዳትም እሷን ነው።

«ሦስት ልጆች ሆያ ሆዬ ጨፍረው ሙልሙል ሰበሰቡ። መሽቶ ስለነበር ነገ እንካፈላለን ብለው ተኙ። ሌሊት አንደኛው ነቃ። ለሦስት ሲያካፍለው አንድ ተረፈ። የተረፈውን ለውሻው ጣለ፣ ሲሶውን ደበቀ፣ የቀረውን መልሶ ተኛ። ሁለተኛው ነቃ፤ እሱም ለሦስት ሲያካፍል አንድ ተረፈ፤ ለውሻው ጣለ፣ ሲሶውን ደበቀ፣ ተኛ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ተሰብስበው የቀረውን እኩል ተካፈሉ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደረሰ። መጀመሪያ ስንት ነበር?»

ትልቁ ወዲያው ‹ሀ› የሚል ያልታወቀ ቁጥር አስቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ቅንፍ በቅንፍ ላይ ሆነበት። ወረቀቱ ሞላ፤ ፊቱም ጠቆረ። ትንሿ ትሪ ላይ ሽምብራ አፈሰሰች። ከጠዋቱ እንድትጀምር ነገርኳት።

ስድስት ሽምብራ። ይሄ ጠዋት የቀረው ነው። ሦስተኛው ልጅ ሲሶውን ወስዶ ሁለት እጁን ትቷል። ስድስቱ ሁለት እጅ ከሆነ አንዱ እጅ ሦስት ነው። ዘጠኝ። የውሻውን ጨምሪ። አሥር። እዚህ ስትደርስ እጇ ፈጠነ። አሥሩ ሁለት እጅ ከሆነ አንዱ አምስት ነው። አሥራ አምስት፣ ከውሻው ጋር አሥራ ስድስት። ስምንት ጨመረች፣ ሃያ አራት፤ ለውሻው አንድ።

«ሃያ አምስት!»

ወንድሟ ወረቀቱን ገልብጦ ፈተሸው። 25 ላይ አንድ ለውሻ፣ ስምንት ተደበቀ፣ 16 ቀረ። አንድ ለውሻ፣ አምስት ተደበቀ፣ 10 ቀረ። አንድ ለውሻ፣ ሦስት ተደበቀ፣ ስድስት ቀረ። ልክ ነው። የመጀመሪያው ሌባ በጠቅላላው 10 ወሰደ፣ ሁለተኛው ሰባት፣ ሦስተኛው አምስት፣ ውሻው ሦስት።

እማዬ «ከሁሉም የታደለው ውሻው ነው፤ ሳይሰርቅ በላ» አለች። ካርዱ ጀርባ ላይ ይህንንም ጻፍኩት።

ነሐሴ 18

ጎረቤታችን የኔታ ቡና ሊጠጡ መጡ። ካርቶኑን አይተው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ስነግራቸው ፈገግ አሉና ትልቁን ጠሩት። «በል፣ መጪው ዕንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደሚውል ያለ ቀን መቁጠሪያ ንገረኝ።»

ባሕረ ሐሳብ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት። እሳቸው እየነገሩት እሱ በስልኩ ማስያ ሠራው። 2018 ላይ 5500 ይጨመራል፤ 7518 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለሙ ነው፤ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው። ለአራት ይካፈላል፤ 1879 ደርሶ ሁለት ይቀራል። ቀሪው አንድ ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚያ 7518 እና 1879 ይደመራሉ፤ 9397። ይህን ለሰባት ሲያካፍሉት ሦስት ይቀራል። አንድ ማክሰኞ ነው፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። ሐሙስ!

የኔታ ማስያ አልያዙም። በጣታቸው አንጓ ነው የሚሄዱት፤ ከስልኩም ቀድመው ጨርሰው ቡናቸውን እየጠጡ ጠበቁት። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚህ ውስጥ አንድ ቀላል ካርድ ለትንሿ አወጣን። ቡሄ ባለፈው ማክሰኞ ነበር። ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 1 ስንት ቀን አለ? ከነሐሴ ወር ገና 17 ቀን ይቀራል፣ ጳጉሜን አምስት፣ መስከረም አንድ ሲጨመር 23። ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን። ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ቡሄ ከዋለበት ቀን ሁለት ተቆጥሮ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ብቻ ሦስት ይቆጠራል። የኔታ ይህቺን አቋራጭ ሲሰሙ «መልካም ነው፤ ግን አቋራጭ የሚያውቅ ዋናውን መንገድ አይርሳ» አሉ።

ሲወጡ ሌላ ካርድ ጥለውልን ሄዱ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻው ያደረገበት በአውሮፓ አቆጣጠር 1636 ነው። ይህን በግዕዝ ቁጥር ጻፉ፦ ፲፮፻፴፮። ልጆቹ ዜሮ ፈለጉ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ አሥርም መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። በኛ አቆጣጠርስ ስንት ነው? ወሩ ካልታወቀ አንድ መልስ የለውም። ከጥር እስከ ጳጉሜን ከሆነ 1628፣ ከመስከረም ወዲያ ከሆነ 1629። ትልቁ «መልሱ ሁለት የሆነ ጥያቄ አይቆጠርም» ብሎ ተከራከረ። እኔ ይቆጠራል ባይ ነኝ።

ነሐሴ 25

እሸት በቆሎ ቅዳሜ ገበያ በደንብ ገብቷል። ከሰል ተያያዘ።

ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «በቆሎው ከመጠበሱ በፊት ረድፎቹን ዙሪያውን ቁጠሩ። ጎዶሎ ቁጥር ያገኘ የመጀመሪያውን ጥብስ ይበላል።»

ትንሿ በከሰል አንዱን ረድፍ ምልክት አደረገችበት፤ አለበለዚያ መነሻው ይጠፋል። አሥራ አራት። ቀጣዩ አሥራ ስድስት። ሦስተኛው አሥራ ሁለት። አባትየው አሥራ አምስት አለ። ሁሉም ተጠጋ። ጫፉ ላይ ነበር የቆጠረው፤ እዚያ ረድፎቹ ይሳሳሉ፣ አንዳንዱም ይቋረጣል። ለሁለት ሰብረን መሐሉን አየን። ዙሪያውን እንደ ጥርስ የተደረደሩት ፍሬዎች በግልጽ ይታያሉ። አሥራ ስድስት።

ጎዶሎ አልተገኘም። የበቆሎው አበባ ቆረቆንዳው ላይ የሚወጣው በጥንድ በጥንድ ስለሆነ ፍሬውም በጥንድ ይሰለፋል። ትልቁ «አክስቴ፣ ታውቂ ነበራ! አታለልሽን» አለኝ። አዎ፣ ካርዱ ላይ ሽልማቱን የጻፍኩት አውቄ ነው። ሽልማት ባይኖር ማን በቆሎ ያገላብጣል?

ከዚያ ግምት መጣ። አንዱ በቆሎ ላይ ስንት ፍሬ አለ? እህቴ 300 አለች፣ አባትየው 1,000፣ እማዬ 600። ትንሿ አንዱን ረድፍ ቆጠረች፤ 38። ትልቁ በ16 አባዛ፤ 608። እማዬ የመጀመሪያውን ጥብስ ወሰደች። እንዴት ገመትሽ ስንላት ዕድሜ ልኳን በቆሎ ስትፈለፍል መኖሯን ነገረችን።

ጳጉሜን 3

ካርቶኑ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። የእርጥበቱን ነገር ግን ላስታውስ። የብስኩት ካርቶን በዚህ አየር ይጨማደዳል፤ ሰፊ ፕላስተር ከላይ ብለጥፍበት ተሻለው። ማርከሩም እርጥብ እጅ ሲነካው ስለሚደበዝዝ የመብረቁን ካርድ እንደገና ጽፌዋለሁ።

እዚያ ቤት ያለው ልጅ ራሱ ካርድ ሆኖ ተገኘ። የተወለደው ጳጉሜን 6፣ 2011 ነው። እስካሁን ልደቱ በቀኑ የዋለው በ2015 ብቻ ነው። ቀጣዩ በ2019፤ ሦስተኛው በ2023፣ ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማምቷል።

ዘንድሮስ ስድስት ዓመት የሚሞላው መቼ ነው? እናቱ መስከረም 1 ትላለች፤ ከጳጉሜን 5 ማግስት ነውና። የኛው ትልቅ ጳጉሜን 5 ይላል፤ ልደቱ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው፣ የዘንድሮ መጨረሻ ደግሞ 5 ነው። ልጁ ሁለቱንም ቀን ዳቦ እንዲደፋለት ጠይቋል። የኔታም ገና አልተጠየቁም። የካርዱን ጀርባ ባዶ ትቼዋለሁ።